በአለጋግ ላይ

ነገሩ የጀመረው በታኅሣሥ ነው። ከበርበራ በመጣ ያገለገሉ ዕቃዎች ጭነት ውስጥ፣ ከአሮጌ ብስክሌትና ከሕፃን ጋሪ ሥር፣ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ወጣ። አንዱ ጫፉ ጠፍጣፋ ብረት ተቀጥሎበታል፤ ሌላው ጎማ ለብሷል። ያየው ሁሉ ስም አወጣለት። ሹፌሩ «የመኪና ዕቃ ነው» አለ። ከወዛደሮቹ አንዱ የክራንች ስባሪ አደረገው። ጥግ ላይ ሻሂ የምትሸጠው ሴት ደግሞ ስሙ ምንም ይሁን፣ ለከሰል መቆስቆሻ እንዲሰጣት ጠየቀች። የሳቀው ከካናዳ የተመለሰው ጎረቤቴ ባለ ሱቁ ብቻ ነው። ዘንጉን ተቀበለ፣ እግሩን ከፈት አደረገ፣ ወገቡን አዙሮ አየሩን እፍ አሰኘው።

«የጎልፍ ናት» አለ። «ሰባት ቁጥር።»

ሰውየው ቶሮንቶ አጠገብ በአንድ የጎልፍ ሜዳ ሣር ሲያጭድ ስድስት ዓመት ኖሯል። ባለገንዘቦቹ ሲለጉ ቆሞ አይቷል፤ አመሻሽ ላይ ሜዳው ባዶ ሲሆንም ራሱ ሞክሯል። በዚያው ሳምንት እሑድ፣ እኛ ገና ስንጫወት ሊያይ መጣ። ጨዋታው ሲያበቃ ላቤን እየጠረግሁ ወደቆምኩበት ተጠጋና «አደር፣ ጉልበትህ ሁሉ መሬት ላይ ፈሶ ይቀራል» አለኝ። አደር በሶማሊኛ የአባት ወንድም ነው፤ በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው ይባላል። የአክብሮቱ ሥራ በዚያች ቃል ስለሚያልቅ ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው «አንተ» ነው፤ ከ«አንተ» ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ እውነት ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የለጋሁበትን አለጋግ ልቀይር ወይስ አልቀይር የሚለው ጥያቄ ከዚያ እሑድ ጀምሮ ቢሮም ቤትም አብሮኝ ከረመ። ለመወሰን መጀመሪያ ጥሩ አለጋግ ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። አውቀዋለሁ ብዬ ስገምት ኖሬ ሲጠይቁኝ ግን በቃል ማስቀመጥ አቃተኝ። ከዚህ በታች ያለው ያን ዓመት ተቀምጬ የለቃቀምኩት ነው።

ሜዳችንን ላስተዋውቅ። ቶጎጫሌ ከጅጅጋ በስተምሥራቅ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ድንበር ላይ ያለች የንግድ ከተማ ናት። ከማዶዋ ከወጃሌ የሚለያት በበጋ ደርቆ አሸዋ የሚሆን ወንዝ ነው፤ የስሟ መጀመሪያ «ቶግ» የሚለውም ያው ወንዝ ማለት ነው። ገና የምንጫወተው ከደጋ የመጣን ሰዎች ነን፦ ትራንዚተር፣ ሹፌር፣ ወታደር፣ ምግብ ቤት ያለው፣ የቀን ሠራተኛ። በአገር ቤት ሚና፣ ማለትም ቡድን፣ የሚለየው በላይ መንደርና በታች መንደር፣ ወይም ባገባና ባላገባ ነው። እዚህ ግን ከየቦታው የመጣ ሁሉ ስለተደባለቀ፣ በመኪና የሚኖርና በወንበር የሚኖር ተባብለን እንከፈላለን። ሩሯ፣ የጨዋታው ኳስ፣ ርቃ ወደ ወንዙ ስትንከባለል «ቀረጥ ሳትከፍል ልትወጣ ነው!» ብሎ የሚጮኽ አይጠፋም። አፈሩ መረሬ ነው። በታኅሣሥ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ሁለት ጣት ያስገባል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ዓይን ላይ ይበትነዋል። ይህን የምዘረዝረው ለማማረር አይደለም፤ ኋላ ለፍርዱ ያስፈልገናል።

እንግዲህ ጥሩ አለጋግን መለየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ጀርባውን ለሜዳው ይስጥ። ቀልድ አይደለም። የዱላው ፍጥነት፣ የክንዱ ግርማ፣ የነጠላው መወርወር ዓይንን ያታልላል። ጆሮ ግን ይህን ሁሉ ስለማያይ አይታለልም። ጎልፍን በመሣሪያ የለኩ ሰዎች ብረቱና ኳሱ የሚነካኩበትን ጊዜ የሰከንድ ሺኛ ግማሽ ያህል ሆኖ አግኝተውታል። በዚያች ቅጽበት የሰው እጅ የሚያርመው ነገር የለም። የሚደረገው ሁሉ አስቀድሞ ተደርጓል፤ ድምፁ የሚያነበው ያለቀ መዝገብ ነው።

የወይራ ሩር በወይራ ገና (ዱላውም ገና ነው የሚባለው) በትክክል ስትመታ «ቋ» ትላለች። አጭርና ደረቅ ናት፣ ጅራት የላትም። ዱላው ከሩሯ በፊት መሬት ከነካ መጀመሪያ «ዱፍ» ይመጣል፣ ቋው ይከተላል። በሁለቱ መካከል ያለችው ክፍተት መሬት ስንት ጉልበት እንደበላ ትነግራችኋለች። በቆልማማው ጫፍ የተመታች እንደሆነ ድምፁ ይቀጥናል፣ የለጊውን እጅም እስከ ክርኑ ያነዝረዋል። በአንገቱ በኩል ከሆነ ደግሞ የተሰነጠቀ በር የተንኳኳ ይመስላል። ከጠፍር የተገመደች የቆዳ ሩር ይህን ልዩነት ሁሉ ታለዝበዋለች። ለዚህ ነው ለቅልጥም የምትራራዋ ሩር ለዳኛ የማትመቸው።

መንዝ ውስጥ አንድ አጎት ነበሩኝ። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ በገና ቀን ጋቢያቸውን ደርበው አጥር ሥር ይቀመጡና፣ ቋ ባለ ቁጥር የለጊውን ስም ይጠሩ ነበር። ከአሥሩ ስምንቱን አይስቱም። ልጅ ሆኜ አስማት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አስማቱ የእሳቸው ሳይሆን የለጊዎቹ ነበር። በስሙ እስኪታወቅ ድረስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ ሰው አለጋጉ ተደላድሏል ማለት ነው። አጎቴ ስማቸውን የማይጠሯቸው፣ «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» እያሉ የሚያልፏቸው ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ ከሁሉ ጉልበተኞች ነበሩ።

ሩሯን መመልከት ቀላሉ ክፍል ስለሆነ ተመልካች ሁሉ እሷን ያያል። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከፍታዋን አታድንቁ። ከፍ ብላ የሄደች ሩር ጭብጨባ ታገኛለች፣ መውረጃዋ ላይ ግን አምስት ዱላ ይጠብቃታል። በመረሬ ላይ የምትፈለገው ሩር ከጉልበት በታች ሄዳ፣ ስንጥቁን ሁለት ሦስቴ ዘልላ፣ ነፋሱ ሳያገኛት የምትደርሰው ናት።

ዱላው ላይ ግን ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው አለጋጉን የሚያማርረው ዱላውን ማየት ሲገባው ነው። ጥሩ ገና ቆልማማ ሆኖ የበቀለ እንጨት ነው። ቅርፊቱን ልጣችሁ ጅማቱን በጣት ስትከተሉት፣ እጀታው ጋ የጀመረው መስመር ከቆልማማው ጋር አብሮ ይዞራል። በመጥረቢያ ተቆልምሞ የተጠረበ ከሆነ መስመሩ መታጠፊያው ላይ ይቋረጣል፣ እዚያው ቦታ ላይም አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ርጥቡን ፍም ላይ አሙቆ ማጠፍም አለ፤ ቶሎ ካልተፈታ ደህና ነው። ወይራ ከባድና ታማኝ ነው። ክትክታ ይቀጥናል እንጂ ጽኑ ነው። ጽድ መዓዛው ደስ ይላል፣ በሦስተኛው እሑድ ግን ሁለት ቦታ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሚዛኑን ለማየት ዱላውን በአንድ ጣት ላይ አጋድሙት። የሚያርፍበት ነጥብ ወደ ቆልማማው በጣም ከቀረበ ዱላው ሰውየውን ይለጋል፤ ወደ እጀታው ከቀረበ ሰውየው ብቻውን ይለጋል።

እዚህ አገር ወይራ የሚመጣው ከሩቅ ነው። ስለዚህ የዚህ አገር ሰው የያዘውን ማየት ተማርኩ። የሶማሌ እረኛ ሃንጎል የሚለው ዱላ አለው፤ አንዱ ጫፍ ቆልማማ፣ ሌላው እንደ መንታ ጣት የተሰነጠቀ፣ የእሾህ አጥር የሚጎተትበትና የሚገፋበት። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ባኮራድ የሚሉትን መያዣው የታጠፈ ከዘራ ይይዛሉ። አንድ ቀን ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ከጨዋታ ያመለጠችውን ሩር በሃንጎሉ ቆልማማ ጫፍ መታ አድርጎ መለሰልን። ሩሯ ሜዳውን ግማሽ አቋርጣ መጣች፤ ድምፁም ቋ ነበር። ማንም አላስተማረውም። እሾህ ሲጎትት የኖረ ክንድ ዱላው የት እንደሚያበቃ ያውቀዋል።

ያን ሳይ የጎረቤቴ ሰባት ቁጥር ላይ ጥርጣሬ ገባኝ። የብረቱ ፊት ወደ ኋላ የተጋደመ ነው፤ ሠላሳ ዲግሪ ያልፋል። ኳሱን የሚያነሳው ፊቱ ስለሆነ ለጊው ቁልቁል ሊመታ ይችላል፣ እንዲያውም ይገባዋል። የእኔ ወይራ ክብ ነው፣ ፊት የለውም። ቁልቁል ብመታበት ሩሯ መረሬው ስንጥቅ ውስጥ ትቀበራለች። የጎልፍ ኳስ ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዙሪያው ሰው የለም፤ የሚተነፍስ እንኳ ቢኖር ዝም ይሰኛል። ሩር አትጠብቅም። ስትለጋት ግራህ ላይ አንድ ወታደር፣ ቀኝህ ላይ አንድ ሹፌር አለ፣ ሁለቱም ጎንበስ ብለዋል። ዱላን ከትከሻ በላይ ማንሳት እዚያ ላይ የአለጋግ ጥያቄ ሳይሆን የደም ዋጋ ጥያቄ ነው።

ወደ መመዘኛው ልመለስ። ከድምፁ ቀጥሎ የማየው እግር ነው፤ ያውም ሩሯ ከሄደች በኋላ ያለውን እግር። ሁሉም ሩሯን ሲከተል እናንተ ለጊው ላይ ቆዩ። ፊተኛ እግሩ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ቢገፉት የማይወድቅ ሆኖ ከቆመ አለጋጉ ጤነኛ ነው። ወደ ኋላ ከተንገዳገደ፣ ወይም አንድ እርምጃ ካስፈለገው፣ ሩሯ የቱንም ያህል ብትርቅ ዕድል ናት። ይህ በጎልፍም በገናም፣ እንጨት በምትፈልጠውም ሴትዮ ላይ አንድ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልናገር፤ ጎረቤቴም ሳይከራከር የተቀበለው ይህን ብቻ ነው። አለጋግን በጥሩ ምቱ አትመዝኑት። በመጥፎው መዝኑት። ማንም ሰው ከሃያ አንዴ ሲሳካለት ንጉሥ ይመስላል። ልዩነቱ ያለው የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ላይ ነው። የጥሩ ለጊ ስህተት ትንሽ ናት፣ ዓይነቷም አንድ ነው፦ ሁልጊዜ በአንድ ስንዝር ታጥራለች፣ ወይም ሁልጊዜ ጥቂት ወደ ግራ ትሄዳለች። ስለዚህ ጓደኞቹ የት እንደሚቆሙላት ያውቃሉ። የመጥፎው ለጊ ስህተት አንዴ ወንዝ ማዶ፣ አንዴ የራሱ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። በጨዋታ ዘመኔ የሚያስፈራኝ ባላጋራ ረጅም የሚለጋው ሆኖ አያውቅም። የሚያስፈራኝ ተሳስቶም የማይጠፋው ነው።

ይህን ከያዝን ወደ መቀየር እንሂድ።

ጎረቤቴ ሱቁ ውስጥ፣ ከብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጠን፣ የጎልፍ ሰዎችን ታሪክ አጫወተኝ። እንግሊዛዊው ኒክ ፋልዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ዴቪድ ሌድቤተር ከሚባል አሠልጣኝ ጋር ሆኖ አመታቱን ከሥሩ አፍርሶ እንደገና ሠራ። ሁለት ዓመት ገደማ የሚያውቀውን አጥቶ የሚፈልገውን ሳያገኝ ተንገላታ። በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ ሚዩርፊልድ በተባለ ሜዳ የብሪታንያን ዋንጫ በላ። በመጨረሻው ቀን አሥራ ስምንቱንም ጉድጓድ ለእያንዳንዱ በተመደበው የምት ቁጥር ጨረሰ፤ አንዲት አላተረፈም፣ አንዲት አላጎደለም። እኔን የገረመኝ ዋንጫው ሳይሆን ያ ቀን ነው። ሰውየው የገዛው ርቀት አልነበረም፤ ትንሽ ስህተት ነበር።

ታይገር ዉድስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በ21 ዓመቱ የማስተርስን ውድድር በ12 ምት ልዩነት ካሸነፈ በኋላ ነው አመታቱን ልቀይር ያለው። በ1998 በአሜሪካ የባለሙያዎች ውድድሮች አንድ ጊዜ ብቻ አሸነፈ። በ1999 ስምንት ጊዜ። ጎረቤቴ ይህን ሲነግረኝ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ ነበር፤ «አየህ?» ለማለት። ነገር ግን ሐቀኛ ሰው ስለሆነ የአየርላንዱን ፓድሬግ ሃሪንግተንንም አልደበቀኝም። እ.ኤ.አ. በ2007ና በ2008 ሦስት ታላላቅ ዋንጫዎች ወስዶ፣ በዓለም ከጥቂቶቹ አንዱ ሆኖ ሳለ፣ የበለጠ ልሻል ብሎ አመታቱን መነካካት ጀመረ። ከታላላቆቹ አራተኛው ዋንጫ አልመጣለትም።

በፋልዶና በሃሪንግተን መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው? ብዙ አሰብኩበት። ፋልዶ ሲቀይር የሚያመውን ያውቀው ነበር፤ ከባድ ቀን ሲመጣ አመታቱ ይከዳው ነበር። ሕመሙ በስሙ ይጠራል። «የበለጠ ልሻል» ግን የሕመም ስም አይደለም፤ ሐኪምም መድኃኒት አያዝለትም። ዉድስን ከዚህ ደንብ ውስጥ ላስገባው ሞክሬ አልገባልኝም። አንዳንድ ሰው ለደንብ አይመችም፤ በእሱ የሚምል መካከለኛ ተጫዋችም ብዙ ኪሳራ አይቷል።

ከዚያ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ግራ እጅ ትዝ አለችኝ። አሰላ ውስጥ ደብተር ይዞ አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲመላለስ የታጠፈችው እጅ፣ ዓለምን ሲያሸንፍም እንደታጠፈች ነበረች። የአሯሯጥ መምህር ነኝ የሚል ሁሉ ሊያቃናት ይችል ነበር። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው እጁ እዚያው ቦታዋ ላይ ነበረች። ዓይን የሚያየው ጉድለትና ዋጋ የሚያስከፍል ጉድለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጎረቤቴ በእኔ ላይ ካያቸው ነገሮች ስንቶቹ የኃይሌ ደብተር፣ ስንቶቹ እውነተኛ ቁስል እንደሆኑ መለየት ነበረብኝ።

ሌላም አለ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ ሆኖ በሮጠበት በዚያው ቀን፣ በስታዲየሙ ውስጥ ዲክ ፎስበሪ የተባለ አሜሪካዊ ከፍታን በጀርባው እየዘለለ ነበር። 2.24 ሜትር ዘሎ ወርቁን ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ በጀርባው ይዘላል። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ድፍረቱን ያወድሳሉ። እኔ የምጠይቀው ምን ላይ እንደወደቀ ነው። አሸዋና ሰጋቱራ ላይ በእግር ካልወረዱ አንገት ይሰበራል፤ ፎስበሪ ግን ከወፍራም ስፖንጅ ላይ ነበር የሚወድቀው። አዲሱ አዘላለል ከአዲሱ መውደቂያ ጋር መጣ። ቶጎጫሌ ላይ ስፖንጅ የለም፤ መረሬ ነው ያለው።

አንድ ማክሰኞ ጭነት እየጠበቅሁ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ስሞላ ነው መንገዱ የተገለጠልኝ። ኮንቴይነር ሲከፈት «የሱቅ ዕቃ» ተብሎ በጅምላ አይታለፍም፤ ዕቃ በዕቃ ይዘረዘራል። ጎረቤቴ «የጎልፍ አለጋግ» ያለኝም ጥቅል ነበር። ፈታሁት። ውስጡ ሦስት ነገር ወጣ፦ ሁለቱን እጆች አንድ ላይ አጣብቆ መያዝ፣ ዱላውን ከትከሻ በላይ ማንሳት፣ እና ዱላ ሲነሳ ክብደትን ወደ ኋለኛው እግር ሳይለቁ ፊተኛው ላይ ማቆየት።

መጀመሪያውን ወዲያው መለስኩት። በገና እጆቼን ሦስት ጣት ያህል አራርቄ የምይዘው ባላጋራ ዱላዬን ሲያጠምድብኝ ለማስለቀቅ ነው። ብቻውን የሚለጋ ሰው ያጣብቅ። ሁለተኛውን ግራና ቀኜ ያሉት ሰዎች ስለ እኔ መለሱት። ሦስተኛው ላይ ግን ቆምኩ። ይህ «ስታክ ኤንድ ቲልት» የሚባለው ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ማይክ ቤኔትና አንዲ ፕለመር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አሠልጣኞች ጎልፍ ዳይጀስት መጽሔት ላይ አስተዋውቀውት ብዙ ባለሙያ ተቀብሎት ነበር። ከተቀበሉት አንዱ፣ ጎረቤቴ እንደ አገሩ ልጅ የሚያየው ካናዳዊው ማይክ ዊር፣ ኋላ ትቶታል። ያም ሆኖ ለእኔ የመጣው ከሜዳዬ ጋር ስሙም ሆኖ ነው። ዱላዬን ሳነሳ ወደ ኋላ እንደማዘነብል አውቃለሁ። ስመለስ ኋለኛው እግሬ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ዱላው ከሩሯ በፊት መሬት ያገኛል። «ዱፍ፣ ቋ።» ጉልበትህ መሬት ላይ ይፈሳል ያለኝ ሰው ያየው ይህን ነበር። ይኸኛው የደብተር እጅ አይደለም።

ፈተናው ቀላል ነው፤ ማንም ሊያደርገው ይችላል። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲበርድ፣ ከሻሂ ሻጯ የምድጃ አመድ ለምኜ መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አፈሰስኩ። ያለ ሩር፣ ዱላውን ብቻ፣ መስመሩ ላይ ሃያ ጊዜ ሰነዘርኩ። ዱላው መሬት የነካበት ቦታ ከአመዱ ፊት ከሆነ ወይም አመዱን ከነካ ጥሩ፣ ከኋላው ከሆነ ክስረት። በቀድሞው አለጋጌ ከሃያው አሥራ ሁለቱ ጥሩ ሆኑ። የቀሩት ስምንት ሁሉም ከአመዱ ኋላ በአንድ መዳፍ ርቀት ውስጥ ነበሩ። በአዲሱ የመጀመሪያው ቀን ሰባት ብቻ ተሳኩ፤ ስህተቶቹም ሜዳውን ሞሉት፣ አንዱ የጎረቤቴን ጫማ ነካ። «ዋላል!» ብሎ ዘለለ፤ ወንድሜ ማለት ነው፣ አጎትነቴ ለጊዜው ተነሥቶ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በሰባቱ ተስፋ ቆርጦ ይተዋል። ሌላው በሰባቱ ውስጥ ያለችውን አንዷን ቆንጆ ምት ይዞ ያብዳል። ከሜዳችን ዳር ሽማግሌዎች ሻህ ይጫወታሉ (ጨዋታው ሻህ ነው፣ መጠጡ ሻሂ፤ ሁለቱም አንድ ጥላ ሥር ናቸው)። እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ጠጠር አለው። ሃያ አራቱም ተደርድረው እስኪያልቁ መብላት የለም። አላፊ አግዳሚ በድርደራው ጊዜ ማን እየመራ ነው ቢል ይስቁበታል። ሻህ ከገናና ከገበጣ ጋር በአገሪቱ የባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ መግባቱ ለሌላ ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ድርደራና መብላት የተለያየ ጊዜ እንዳላቸው አስተማረኝ።

ችግሩ የድርደራው ርዝመት ነው። ፋልዶ ሁለት ዓመት ቀን ከቀን ሲለጋ ነበር። እኔ የምለጋው ከጾመ ነቢያት መግቢያ እስከ ታኅሣሥ 29 ነው፤ ያውም እሑድ እሑድ። በዚህ ስሌት የፋልዶ ሁለት ዓመት ለእኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነው። ስለዚህ ሌሎች የማይሰጡትን ምክር እሰጣለሁ፦ በዓመት አንድ ወር ተኩል የሚጫወት ሰው ከአንድ ነገር በላይ አይቀይር፤ ያንንም ያለ ሩር፣ በአመድ ላይ፣ ማንም ሳያይ ይቀይር። ከሰኔ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ምሽት ከሱቁ ጀርባ ሰነዘርኩ። ፊተኛው እግሬ ሥር የበርሜል ክዳን አስቀመጥኩ፤ ዱላውን ሳነሳ ክዳኑ ድምፅ ካሰማ ክብደቴ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ይህን ዘዴ ከማንም አልሰማሁትም፤ ሻሂ ሻጯ ግን በወሬ መልክ ለከተማው አዳርሳዋለች።

በኅዳር ከሃያው አሥራ አምስት ደረስኩ። ደስ አላለኝም፤ ገና የድካሙ ፈተና ይቀረኝ ነበር። ሜዳውን ሁለት ዙር ሮጬ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ እንደገና ሰነዘርኩ። በአዲሱ አሥራ አንድ፣ በቀድሞው አሥራ አንድ። እኩል ናቸው። ስህተቶቹን ሄጄ በጣቴ ለካሁ። የቀድሞው እንደ ድሮው ከመዳፍ አያልፉም ነበር። የአዲሱ ደግሞ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ከጣት አይበልጡም። ሁለቱ ግን ክንድ ሙሉ ነበሩ። ጎረቤቴ ስለ ጣቶቹ አወራ፤ እኔ ስለ ሁለቱ። እስከ መግሪብ አዛን ተከራከርን፣ ከዚያ እሱ ወደ ስግደቱ፣ እኔ ወደ ቤቴ ሄድን።

ጎረቤቴ በገና ቀን ሱቁን ዘግቶ መጣ። ወንበር አምጡልኝ አለና ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ተቀመጠ፤ የአጎቴን ነገር ነግሬው ነበር። ሻሂውን እየጠጣ በየምቱ ስም ይጠራል፤ አብዛኛውን ይስታል፣ ዙሪያውን የከበቡት ልጆች ይስቁበታል። ከሰዓት በኋላ፣ አቧራው መነሣት ሲጀምር፣ ሩሯ ከተፋፈገው ሕዝብ መሐል ተስፈንጥራ ፊቴ መጣች። ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። ፊተኛው እግሬ ላይ ቆሜ ለጋኋት። የትኛው አለጋግ እንደሆነ ዛሬም ብትጠይቁኝ አልምልም። ቋ አለች።

ጎረቤቴ ሳይዞር ብርጭቆውን አነሳ።

«ይሄ ወታደሩ ነው» አለ። «ያ ወጣቱ።»

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። በጣቴ ዝም በሉ አልኳቸው።